ችግኝ ይቆጠራል፤ ዘሩስ?

በዚህ አገር ስለ ዘር የማይወራበት ቀን የለም። በፓርላማ፣ በካፌ፣ በታክሲ፣ በየስልኩ መስኮት ቃሉ ይነሳል፣ ይጣላል። ማን ከማን ዘር እንደሆነ ቆጥሮ የማይጨርስ ሰው ጥቂት ነው። ያንኑ ሰው ግን «ጓሮህ ላይ ያለው ቲማቲም ዘሩ ከየት መጣ? ለከርሞስ ከየት ታመጣለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቢጠየቅም መልሱ አጭር ነው፤ «ከሱቅ»።

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አባባል ለሰው ዘር ሲጠቀስ ኖሯል። መሬት ውስጥ ስለሚገባው ዘር ቢባልም ግን ውሸት አይሆንም ነበር። ዘሩን የያዘ ልጓሙን ይይዛል። ዘሩን ከሌላ የሚጠብቅ ሰው ልጓሙም በሌላ ሰው እጅ ነው።

ጎንደር ላይ ይህን ለመረዳት ቅዳሜ ገበያን አንድ ዙር መዞር ይበቃል። በአንድ ወገን እናቶች ጨርቅ ዘርግተው የጎመን ዘር፣ ፌጦ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። የጎመን ዘር የምትሸጠው እናት ዘሩን ከየት እንዳመጣችው፣ መቼ ቢዘራ እንደሚሻል፣ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ ትናገራለች። ዘሩ ካልበቀለ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ላይ ትገኛለች፤ ትጠየቃለች።

በሌላ ወገን የግብርና ግብዓት የሚሸጥ ሱቅ አለ። በላዩ ላይ ደማቅ ቀይ ቲማቲም የታተመበት የሚያብረቀርቅ እሽግ ተደርድሯል። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ነው። ከዝርያው ስም ጎን ብዙ ጊዜ «ኤፍ 1» የሚል ትንሽ ምልክት አለ። ለጓሮዋ ዘር ልትገዛ የመጣችው የማራኪ ወይም የአዘዞ እናት ምልክቱን ልብ አትለውም፤ ሻጩም አይነግራትም። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያች ምልክት ላይ ነው።

«ኤፍ 1» ማለት ዘሩ ሃይብሪድ ወይም ዲቃላ ነው ማለት ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች በባለሙያ እጅ ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ምርቱ ብዙ ነው፤ ፍሬው አንድ ወጥ ነው፤ አንዳንዱ በሽታን ይቋቋማል። ከእሱ ፍሬ ዘር ወስደው ለከርሞ ቢዘሩት ግን እናቱን የሚመስል ልጅ አይወጣም። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቶሎ የሚደርስ፣ አንዱ የሚዘገይ ሆኖ ይበታተናል። መብላት ይቻላል፤ ያንን የመጀመሪያውን ቲማቲም የፈለገ ሰው ግን በየዓመቱ ወደ ሱቁ መመለስ አለበት። እሽጉ የሚሸጠው ዘር ብቻ አይደለም፤ የመመለስ ግዴታም አብሮ ይሸጣል።

ሌላው ዓይነት ቲማቲም ዘሩ ከዓመት ዓመት ራሱን የሚመስለው ነው። ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት የወጡትና የተላመዱት ሮማ ቪኤፍ፣ መልካ ሾላ፣ መልካ ሳልሳ ከዚህ ወገን ናቸው። የወጥ ቤት ጥራጊ በተጣለበት ሳይዘሩት በቅሎ ሳይጠብቁት የሚያፈራው፣ ቆዳው ቀጭን፣ ጎምዛዛው የጓሮ ቲማቲምም እንደዚሁ ከዘሩ ብዙ ርቆ አይሄድም። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። አበባው ከጎረቤት አበባ ጋር ብዙም አይቀላቀልም። ስለዚህ ዘሩን ለማቆየት ሰፊ መሬትም፣ ቤተ ሙከራም፣ ዲፕሎማም አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ከጤነኛ ተክል ላይ የተሻለውን ፍሬ ለይቶ በደንብ እስኪቀላ መተው። ቆርጦ ዘሩን ከነውኃው በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ማስቀመጥ። ሲቦካ ዘሩን የሸፈነው የሚያዳልጥ ልባስ ይለቃል። ከዚያ ማጠብ፣ የተንሳፈፈውን መድፋት፣ ታች የቀረውን በጥላ ማድረቅ፣ በወረቀት መጠቅለልና ስሙንና ዓመቱን መጻፍ። በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለአራት ዓመት ያህል ይበቅላል። ከአንድ ቲማቲም መቶ ያህል ዘር ይገኛል። አንዲት ሴት ከሦስት ፍሬ መንደሩን ታዳርሳለች ማለት ነው።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የጎንደር እናት በሐበሻ ጎመን ላይ የምታደርገው ይኸው ነው። ከመደቡ ሁሉ ቅጠሉ የሰፋውንና ቶሎ ያላበበውን አንድ ሁለት ግንድ ትለያለች። ልጆቹ እንዳይቀጥፉት ትከለክላለች። ፍሬው ሲደርቅ ታጭደውና በጨርቅ ቋጥራ ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ታንጠለጥለዋለች። ጎረቤት ሲጠይቃት ቆንጥራ ትሰጣለች፤ የእሷ በውርጭ ወይም በበረዶ ቢጠፋ ከዚያው ጎረቤት ትመልሳለች። መምረጥ፣ ማራባት፣ ማከማቸት፣ መድን መግባት፤ በምርምር ተቋም ቢሆን አራት ክፍሎች የሚመደቡለት ሥራ በአንድ ጓሮ ይሠራል። ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ ሥራ ተብሎ አይቆጠርም።

አለመቆጠሩ ነው ክርክሩ።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ችግኝ ትቆጥራለች። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ጫጩት፣ ቀፎና የለማ ጓሮ ይቆጠራል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ከተሜው በደጁ ጎመንና ቲማቲም ይኑረው፣ ልጆች እንቁላል ይብሉ ማለት መልካም ነው። ሪፖርቱ ግን «ይህን ያህል ጓሮ ለማ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተሰራጨ» ብሎ ያቆማል። ከተሰራጨው ውስጥ ስንቱ ለከርሞ ዘር የሚሰጥ ነው? ስንት ቤተሰብ የራሱን ዘር አስቀመጠ? ስንቱስ ለጎረቤቱ አካፈለ? የሚል ዓምድ በሪፖርቱ ቅጽ ላይ የለም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ በጀትም፣ ባለሙያም፣ ምስጋናም አያገኝም።

ጫጩቷን መመልከት ነገሩን ያቀለዋል። ለእንቁላል ተብላ የምትታደለው የተሻሻለች ዶሮ እንቁላል በመጣል ማንም አይስተካከላትም፤ ታቅፎ መፈልፈል ግን አታውቅም። ያ ጠባይ በማዳቀል እንዲጠፋ ተደርጓል። ስታረጅ ቤተሰቡ እንደገና ጫጩት ይጠብቃል። የሐበሻዋ ዶሮ እንቁላሏ ትንሽ ነው፤ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ አሥር ጫጩት አስከትላ ትመጣለች። ሁለቱም ጥቅም አላቸው። ሁለተኛዋን አጥፍቶ የመጀመሪያዋን ብቻ ማደል ግን ቤተሰብን ራሱን ማስቻል አይባልም። ደንበኛ ማድረግ ነው።

ደንበኝነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አሳይቷል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ በተለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በባንክ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ከዶላሩ ጋር ይወጣል፤ የቲማቲም ዘርም ከውጭ ይገባል። በጨርቅ የተቋጠረው የጎመን ዘር ግን የዶላሩን ወሬ አልሰማም። ዘንድሮም አንድ ስኒ ነው፤ ወይም አንድ ቁንጥር፣ ያለ ዋጋ።

ዋጋው ብቻም አይደለም። መንገዱም አለ። የሰሜን ጎንደር ሰው መንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት የንግድ መኪናን አንድ ቀን ያሳልፋል፣ አንድ ቀን ያስቆማል። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን መትቶ የዕርዳታ እህል በዚያው መንገድ ሲጠበቅ ነበር። ዘር ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ ጓሮ መንገድ በተዘጋ በሁለተኛው ወቅት ባዶ ይሆናል። ዘሩ በቤት ያለ ጓሮ ግን ቢያንስ ጎመኑን አያጣም። ሰላም በሌለበት አገር የቤት ዘር ማለት ስንቅ ማለት ነው።

ደጋው ላይ ጉዳዩ ከቲማቲም ያልፋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ቲማቲም በበጋ ውኃ ካገኘ ያምርባታል፣ ምንም እንኳ ውኃው ራሱ በወረፋ ቢመጣ። ደባርቅ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ውርጩ ለቲማቲም ፊት አይሰጥም። እዚያ ጓሮና ማሳ የሚሞላው በጎመን፣ በድንች፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በባቄላና በገብስ ነው። ገብሱም አንድ አይደለም፤ ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ሰነፍ ቆሎው እየተባለ ለጠላ፣ ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለእንጀራ ተለይቶ ይዘራል። አንዱን ውርጭ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ይህን ሁሉ ዓይነት ያቆየው አከፋፋይ ድርጅት አይደለም፤ የገበሬው ጎተራ ነው። ቲማቲም የደቡብ አሜሪካ እንግዳ ነው፤ ገብሱና ጎመኑ ግን እዚሁ ከገበሬው ጋር በሺህ ዓመታት የተሠሩ ናቸው። በእንግዳው ላይ የተለመደ ከሱቅ መጠበቅ ነገ በቤተኛው ላይ እንደማይደርስ ዋስትና የለም።

ዓለም የዚህን ጎተራ ዋጋ ያወቀው ከባለቤቱ መንግሥት ቀድሞ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን አቋርጦ የስንዴና የገብስ ናሙና ሲሰበስብ ያየው ብዛት አስደንቆት አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ቢጫ ድንክዬ የተባለውን የቫይረስ በሽታ የመቋቋም ባሕርይ የካሊፎርኒያን ገብስ ታድጓል። የካሊፎርኒያ ገበሬ ተጠቀመ። ዘሩን መርጦ ለልጅ ልጁ ያወረሰው የደጋ ገበሬ ምንም አልደረሰውም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

የጤፉ ታሪክ ደግሞ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተስማምቶ የጤፍ ዝርያዎችን ወሰደ። በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ኩባንያው ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ ይደርሳል የተባለው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የፈጠራ መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በኔዘርላንድስ እንዳይጸና የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ያኔ አገር ሁሉ «ጤፋችን ተሰረቀ» ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ትክክል ነበር። በባሕር ማዶ ስለተወሰደ ዘር የሚቆጣው ሰው ግን በገዛ ጓሮው ስለሚጠፋው ዘር አይቆጣም። የመጀመሪያው ዜና ነው፤ ሁለተኛው ዝምታ።

ዝምታውን ለመስበር የሞከሩ ነበሩ። ኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘረ መል ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ይህ ባንክ ከ80 ሺህ በላይ የዘር ናሙና ይዟል። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የተረዱት አንድ ቁምነገር ነበር፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ይቆያል እንጂ አያድግም። ከበሽታው፣ ከዝናቡና ከውርጩ ጋር እየተለማመደ የሚሄደው በገበሬ እጅ ሲዘራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከገበሬው ጋር ሆነው የአገሬውን ዘር በማሳ ላይ መርጠው እያባዙ እንዲመለስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ነው። በምሥራቅ ሸዋ እንደ እጀሬ ባሉ ቦታዎች የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ቆሞ ገበሬ ዘር ተበድሮ ዘር መልሷል። እንግዲህ ሐሳቡ የፈረንጅ አይደለም፤ ያልተሞከረም አይደለም።

ሕጉም እንቅፋት አይደለም። የቀድሞው የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005 ሰው ከራሱ ማሳ ያስቀመጠውን ዘር እንዲጠቀምና አነስተኛ አርሶ አደሮች እርስ በርስ እንዲለዋወጡ ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎ ነበር የወጣው። ከዚያ በፊት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በዘረ መል ሀብትና በባህላዊ ዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ብዙ አገሮች ገበሬው ያስቀመጠውን ዘር በመለዋወጡ ሲከራከሩ ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ በሩን ክፍት ትታለች። ችግሩ በተከፈተው በር የሚገባ መጥፋቱ ነው።

የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉት አለ፤ መልስም ይገባቸዋል።

አንደኛው «የአገሬው ዘር ምርቱ አነስተኛ ነው፤ የተራበን ሕዝብ በትዝታ አትመግበውም» ይላል። ለገበያ በሚያመርት ሰው ረገድ እውነት አለው። በደንቢያ ሜዳ በመስኖ ቲማቲም አምርቶ በሳጥን የሚጭን ገበሬ ሃይብሪድ ቢመርጥ ሒሳቡን ያውቃል፤ ወጪውን ከሽያጩ ይመልሳል። ከእሱ ላይ ሃይብሪዱን ንጠቁት የሚል ሰው የለም። ጓሮ ግን ገበያ አይደለም። ስድስት ግንድ ቲማቲም ያላት እናት በአንድ ቀን የሚደርስ፣ በመኪና ተጭኖ የማይፈርስ ወፍራም ቆዳ ያለው ፍሬ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ለሁለት ወር በየቀኑ ሁለት ሦስት ፍሬ የሚሰጣትና ለከርሞ ዘር የማያስገዛት ነው። የትልቅ ማሳን መልስ ለትንሽ ጓሮ መስጠት ለጉንፋን ቀዶ ሕክምና እንደማዘዝ ነው።

ሁለተኛው «በቤት የተቀመጠ ዘር በሽታ ያስተላልፋል» ይላል። ይህም ባዶ ቃል አይደለም። በዘር ድንች የሚተላለፈው ባክቴሪያ አጠውልግ ማሳ አጥፍቷል፤ የቲማቲም ዘርም በሽታ ሊሸከም ይችላል። መፍትሔው ግን ሰው ዘር እንዳያስቀምጥ ማድረግ አይደለም፤ ከየትኛው ተክል መውሰድ እንደሌለበት ማስተማር ነው። የግብርና ባለሙያ በየቀበሌው የተመደበው ለዚህም ጭምር ነው። ደግሞም እሽግ ዘር ከመከራ ሁሉ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገሪቱ የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ የሃይብሪዱን ማሳ ዘልሎ የጓሮውን ብቻ አልበላም።

ሦስተኛው አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይሠራል። እሱ በየዓመቱ ዘር ከመሸጥ ወይም ዘር ከማደል የሚያገኘው ነገር ያለው ነው። ዘሩን ራሱ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ለሻጭ አይመችም፤ ለሪፖርትም አይመችም። በስጦታ ርክክብ ላይ ፎቶ አይነሳም፤ ለሚቀጥለው ዓመትም አይሰለፍም።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው ሥራው ከባድ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ በመንግሥት እጅ ለጓሮ የሚታደል ማንኛውም ዘርና ችግኝ ዓይነቱ በአማርኛ ይጻፍበት፤ «ዘሩን አስቀምጠው መዝራት ይቻላል» ወይም «ዘሩ ለከርሞ አይሆንም»። አንድ መስመር ነው። በራሷ ገንዘብ የምትገዛም እናት ይህን የማወቅ መብት አላት፤ ሻጩም የመንገር ግዴታ ይኑርበት።

ሁለተኛ፣ ጎንደር የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ለጓሮ የሚሆኑ ጥቂት ራሳቸውን የሚመስሉ የቲማቲም፣ የጎመንና የቃሪያ ዝርያዎችን አባዝቶ ዘሩን ከማስቀመጫ ትምህርቱ ጋር መስጠት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ከሰሜን ጎንደር ደጋ ተሰብስቦ አዲስ አበባ ባለው ባንክ የተቀመጠ ናሙናም ወደ ወጣበት ወረዳ እየተመለሰ ይዘራ። ልጅ ለትምህርት ይላካል እንጂ ለዘለዓለም አይታሰርም።

ሦስተኛ፣ የሪፖርቱ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ «የራሱን ዘር ያስቀመጠ ቤተሰብ ብዛት»። ያ ዓምድ በተጨመረ በዓመቱ ባለሙያው ስለ ዘር ማስተማር ይጀምራል፤ የሚጠየቀው ስለዚያ ነውና።

አራተኛው መንግሥትን አይጠብቅም። ዕድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ የትምህርት ቤት ግቢ አለ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣባታል፤ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ጠላና ቅቤ ይዞ እንደሚመጣ አንድ ቋጠሮ ዘር ይዞ ቢመጣ፣ ከተሜውም ያስቀመጠውን ቋጥሮ ቢመልስለት፣ የዘር ልውውጥ ቀን ለማወጅ ስብሰባ አያስፈልግም ነበር። ባለፈው ትውልድ እንዲህ ነበር የሚደረገው፤ ስም ስላልነበረው ነው የተረሳው።

በዚህ መሐል በአንድ የአዘዞ ጓሮ የበጋው ቲማቲም ቀልቶ ሊሆን ይችላል። ልጆች ሊቀጥፉት ነው። ከሁሉ የተሻለችዋን ፍሬ ለይቶ «ይቺን አትንኩ፣ ለዘር ናት» የሚል ሰው ከተገኘ ያ ቤት ለከርሞ የማንም ደንበኛ አይደለም። ካልተገኘ የፍሬዋ ዕጣ ስልስ ነው፤ የከርሞው ጥያቄም እንደገና ወደ ሱቁ ይሄዳል።

ስለ ዘር ማውራት የሚወድ አገር ከዚያች አንድ ፍሬ ይጀምር።